በመገጣጠሚያ ሕመም ሙያዬን ላጣ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ (ጎንደር)፦ በሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ደርቀው መርፌ መያዝ ስለሚያቅተኝ ከሥራም ከሰውም እየራቅሁ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የደንበኞቼን ትእዛዝ መመለሱ ከሕመሙ ይልቅ ያመኛል። እንዲህ ያለ ሕመም ይዛችሁ ኑሯችሁን እንዴት መልሳችሁ አቆማችሁ?

የመጀመሪያ መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ከዚሁ ሕመም ጋር እኖራለሁ። የጠዋቱ ድርቀት የሕመሙ ጠባይ እንጂ የእርስዎ ስንፍና ስላልሆነ፣ እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ነክረው ጣቶችዎን ቀስ እያሉ ያፍታቱ፤ ጥልፉን ወደ ከሰዓት ያዛውሩት፤ የመቀሱንም እጀታ በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ታዝዞልዎት ከሆነ ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪምዎን ሳያማክሩም አያቋርጡት።

ሁለተኛ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ እኔን ግን ከመድኃኒቱ እኩል ያቆመኝ ሰው ነው። ንድፍ የማውጣትና ቀለም የማስማማት ዕውቀትዎ በጣትዎ ላይ ብቻ ያለ አይደለምና፣ አንዲት ወጣት ከጎንዎ አስቀምጠው እርስዎ ንድፉን ቢያወጡ፣ እርሷ ብትጠልፍ፣ ትእዛዙን መመለስ አያስፈልግዎትም። ጎረቤት ቡና ሲጠራዎትም አይቅሩ፤ ሲኒ ማንሣት ካቃተዎት ሳያፍሩ ይንገሯቸው።