አራቱም ጎኑ የተለያየ ግቢ ስንት ካሬ ነው?

ገዢ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልንገዛው ያሰብነውን ግቢ አራት ጥጎች በዙሪያው ቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን ዙሪያውን በሜትር ለካነው፦ ሀለ 12፣ ለሐ 16፣ ሐመ 21፣ መሀ 13 ሜትር። ደላላው ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች አማካይ አውጥቶ 16.5ን በ14.5 አባዛና «239 ካሬ ነው» አለን። ዋጋው በካሬ ስለሆነ ሐሳብ ገብቶኛል። መሀል ላይ ቤት ስላለ ከጥግ እስከ ጥግ መለካት አልቻልንም።

ግንበኛው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ጥጎቹን ፈትሹ። በአንዱ አጥር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉና በሁለቱ ምልክት መካከል ለኩ። 5 ከመጣ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። እኛም መሠረት ስናወጣ እንዲሁ ነው የምናደርገው።

ገዢ ነኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥግ ለ ላይ 5 ሜትር ከ1 ሳንቲም መጣ። ሌሎቹ ጥጎች ግን አልሆኑም።

የሒሳብ መምህር፦
እንግዲያው መፍትሔው እጅሽ ላይ ነው። አራት ጎን ብቻውን ስፋት አይነግርም። አራት እንጨት ጫፍ ለጫፍ በአንድ በአንድ ሚስማር ብትመቺና ገፋ ብታደርጊው ይጋደማል፤ የእንጨቶቹ ርዝመት ሳይነካ ውስጡ ይጠብባል። የሚያስፈልግሽ ዲያጎናሉ፣ ማለትም ከጥግ እስከ ፊት ለፊቱ ጥግ ያለው ርቀት ነው፤ እሱን ደግሞ ቤቱን ሳታፈርሺ የፓይታጎረስ ሕግ ይሰጥሻል፤ ጥግ ለ 90 ዲግሪ ስለሆነ የሁለቱ ጎኖች ካሬ ድምር የዲያጎናሉ ካሬ ነው፦ 12² ማለት 144 ሲደመር 16² ማለት 256፣ 400፤ ሀሐ 20 ሜትር። ያቺ 1 ሳንቲም ዲያጎናሉን 4 ሳንቲም ያህል ብታስረዝመው ነው፤ አታሳስብሽ።

አሁን ግቢው ሁለት ጎነ ሦስት ሆነ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ 12 በ16 ለ2፣ 96 ካሬ። ሁለተኛው 20፣ 21 እና 13 ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ በይ። ከሀ ወደ ሐመ ቀጥ ያለ መስመር አውርጂ፤ ከፍታውን ከ በይው፤ መስመሩ ካረፈበት እስከ መ ያለውን ደግሞ ርቀት ር በይው። ር² + ከ² = 169፤ (21 − ር)² + ከ² = 400። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ስትቀንሺ ከ² ይጠፋና 441 − 42ር = 231 ይቀራል። ር 5፣ ከ 12 ሜትር። ስፋቱ 21 በ12 ለ2፣ 126 ካሬ።

ድምሩ 222 ካሬ ነው። ደላላው 17 ካሬ ጨምሯል። የእሱ ስሌት ጥንትም ነበር፤ በግብፅ የኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የእርሻ መሬት በዚሁ መንገድ ተሰልቶ ተቀርጿል። አራቱም ጥግ 90 ካልሆነ ግን ሁልጊዜ ያበዛል፤ አንድም ጊዜ አያሳንስም። መሬት ሲሸጥ በዚህ መለካት ገዢን መበደል ነው።

ግንበኛው፦
ከመፈረምሽ በፊት ካርታው ላይ ከተጻፈው ስፋት ጋርም አስተያዪው።