ለልጅ ሳይክል የትኛው ማርሽ መቀየሪያ ይሻላል? (ጥቆማ)

ትምህርት ተዘግቶ የሳይክል ግዢ ሲጀመር ሁሌም የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ባለ ስንት ማርሽ ልግዛለት?» እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ልጁ በራሱ እጅ ማርሹን መቀየር ይችላል ወይ ብዬ ነው። ባለ 21 ማርሽ ሳይክል ተገዝቶለት አንዷ ማርሽ ላይ ብቻ ተቀርቅሮ የሚውል ልጅ በየሰፈሩ አለ። የቀሩት 20 ማርሾች ዳገት ላይ ተሸክሟቸው የሚወጣ ክብደት ናቸው።

ባለ 20 እና ባለ 24 ኢንች የልጅ ሳይክሎች ላይ በብዛት የምታገኙት መቀየሪያ ሶስት ዓይነት ነው። መጨበጫው ላይ እንደ ሞተር ሳይክል ጋዝ የሚጠመዘዘው፣ ከመሪው በላይ ተቀምጦ በአውራ ጣት የሚገፋው፣ እና ከመሪው ስር ሁለት ትንንሽ ምላስ ያለው።

የሚጠመዘዘውን ሺማኖ የሚባለው የሳይክል ዕቃ አምራች ሪቮሺፍት ይለዋል፣ ሌላው አምራች ስራም ደግሞ ግሪፕ ሺፍት። ሻጮች «ለልጅ ይሄ ነው» ብለው የሚያቀርቡት በአብዛኛው እሱን ነው። እውነት ነው፣ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ቁጥሩም ፊት ለፊት ይታያል። ግን ወደ ከባዱ ማርሽ ሲሄድ የሚቀለው የኋላው ማርሽ ቀያሪ (ከኋላ ጎማ አጠገብ ሆኖ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው) ስፕሪንግ ስለሚያግዘው ነው። ወደ ቀላሉ ሲመለስ ግን ልጁ ያንን ስፕሪንግ አሸንፎ መጠምዘዝ አለበት፣ ያውም ዳገት ላይ፣ እጁ ላብ ይዞት። የእህቴ ልጅ 7 ዓመቷ ነው፤ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ ልትቀይር ትጠመዝዘዋለች፣ መጨበጫው እምቢ ይላል፣ የእጇ አንጓ ሲዞር መሪውም አብሮ ይዞርና የፊት ጎማው ወደ ቱቦው ያመራል። አቅም አንሷት ብቻ አይደለም፤ ለመዳፏ መጨበጫው ወፍራም ነው። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ለምትኖሩ፣ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ፣ ይሄ ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚጠመዘዘውን ብትገዙ አይቆጫችሁም። ለሽሮ ሜዳ፣ ለፈረንሳይ፣ በአጠቃላይ እንጦጦ ስር ላለ ሰፈር ግን አልመክርም።

በአውራ ጣት የሚገፋው ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎም አይበላሽም። ምላሱ ረዘም ስለሚል ለትንሽ ጣት ኃይል ይቆጥባል። ሁለት ዓይነት ስላለ ግን ስትገዙ ገፋ አድርጋችሁ ስሙት። አንዱ በየማርሹ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ሌላው ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። ለጀማሪ ልጅ ቀጭ የሚለውን ውሰዱ፣ ምክንያቱም የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት ራሱ መቀየሪያው ይነግረዋል። የሚንሸራተተው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ዕቃው ከየሳይክሉ የተለቃቀመ ከሆነና ምኑም ከምኑ አልገጥም ካለ እሱ ከማንኛውም ጋር ይሠራል። የኋላው ጥርስ 6 ረድፍ ይሁን 7 ግድ የለውም።

ሁለት ምላስ ያለው የእኔ ምርጫ ነው፣ ከ8 ዓመት ገደማ ጀምሮ። በአውራ ጣት ሲገፉት ወደ ቀላሉ ማርሽ ይሄዳል፣ ሌላው ምላስ ሲነካ ይለቀዋል። እጅ ከመጨበጫው አይነሳም፣ ፍሬን ላይ ያለው ጣትም ቦታውን አይለቅም። ለከተማ መንገድ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ከፍሬን ማንሻው ጋር አንድ ላይ ተያይዞ የሚመጣና ለብቻው የሚታሰር አለ። ከቻላችሁ ለብቻው የሚታሰረውን ግዙ። ለምን? የልጁ አውራ ጣት እስኪደርስበት ድረስ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ማንሸራተት ትችላላችሁ፣ ደግሞም አንዱ ሲሰበር ሁለቱንም አትቀይሩም። ከሺማኖ አልተስ የሚባለው ለዚህ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለልጅ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚጠመዘዘውን አውጥታችሁ ይሄን የምታስገቡ ከሆነ ረጅም መጨበጫም አብራችሁ ግዙ፣ የድሮው አጭር ስለሆነ ክፍተት ይተዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የኋላው ጥርስ ስንት ረድፍ እንዳለው ቁጠሩ። 7 ረድፍ ካለው ባለ 7 መቀየሪያ ነው የሚፈልገው። ስራም ለመግዛት ካሰባችሁ ኤም አር ኤክስ የሚባለው ከሺማኖ ማርሽ ቀያሪ ጋር ይሠራል፣ ብዙዎቹ ሌሎች ስራሞች ግን ካቦውን (መቀየሪያውን ከማርሽ ቀያሪው ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ) የሚስቡበት ልክ የተለየ ስለሆነ ዝም ብላችሁ አትቀላቅሉ። የፊቱን ማርሽ በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ለልጅ ከፊት አንድ ጥርስ ይበቃል። የፊቱን የሚቀይረውን የግራውን መቀየሪያ ጭራሽ አስወጡት። ሁለት እጅ በሁለት መቀየሪያ ማዘዝ ለትልቅ ሰውም ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር። «መቀየሪያው ደርቋል» ተብሎ ከሚቀየረው ውስጥ ጥፋቱ የካቦው የሆነ ብዙ ነው። ካቦውን ከኋላው ማርሽ ቀያሪ ላይ አስፈትታችሁ መቀየሪያውን ለብቻው ሞክሩት። ያኔ ከቀለለ መቀየሪያው ጤነኛ ነው፣ ዝገቱ ካቦው ውስጥ ነው። በተለይ ከኋላ ጎማ አጠገብ ቀለበት ሠርቶ የሚታጠፈው ጫፍ ክረምቱን ሙሉ ውሃና ጭቃ ሲጠጣ ይከርማል። ካቦውን ከነሽፋኑ መቀየር ከአዲስ መቀየሪያ በጣም ይረክሳል።

ስታስቀይሩ ግን አጠገቡ ቁሙ። የማርሽ ካቦ ቀጭን ነው፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ የፍሬኑ ወፈር ይላል። ዋናው ልዩነት ግን ሽፋኑ ላይ ነው። የፍሬን ሽፋን ውስጡ ተጠምጥሞ የተሠራ ሽቦ ነው፣ ሲሳብ ትንሽ ይታመቃል፣ ስለዚህ ማርሹ ቀጭ ቢልም ቦታው ላይ አያርፍም። የማርሹ ግን ሽቦው ቀጥ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ነው። ብዙ የሰፈር ጠጋኞች እጃቸው ላይ ያለው የፍሬኑ ብቻ ስለሆነ እሱኑ ያስገቡታል። የተገላቢጦሹ ደግሞ አደጋ ነው። የማርሽ ሽፋን ፍሬን ላይ እንዳይገባ፣ አጥብቆ ሲያዝ ሊፈነዳ ይችላል።

የት ልሂድ ለሚል፣ ለዕቃው መርካቶ ነው፤ አንድ ሱቅ ላይ አትቁሙ፣ አሮጌውን መቀየሪያ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ጎማ መለጠፍና ካቴና መቀጠል ከሆነ የሰፈር ጠጋኝ ይበቃል። ቀጭ የሚል ማርሽ ማስተካከል ግን የተለየ እጅ ይፈልጋል። ለሳይክል ተወዳዳሪዎች የሚሠራ መካኒክ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ በእሱ በኩል ድረሱበት፣ ትንሽ ቢያስከፍልም ዋጋውን ያወጣል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለ መቀየሪያና አንድ ሁለት የማርሽ ካቦ ከነሽፋኑ ማስያዝ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳ፣ እናንተ ፔዳሉን በእጅ አዙሩ፣ እሱ በአንድ እጁ ብቻ ከትንሹ ጥርስ እስከ ትልቁ ይቀይር። ሁለተኛ እጁን ካመጣ ወይም ትከሻውን ካነሳ ያ መቀየሪያ ለእሱ አይሆንም። የፍሬን ማንሻውንም እዚያው እዩለት፤ ብዙዎቹ ላይ ማንሻውን ወደ መጨበጫው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች፣ እሷን ማጥበቅ ነው።

ካቦ ከተቀየረ በኋላ ትንሽ እንደተነዳ ሽፋኑ ይደላደልና ማርሹ ወደ ቀላሉ ሲሄድ መዘግየት ይጀምራል። ወደ ሱቅ አትመለሱ። ካቦው ወደ ማርሽ ቀያሪው የሚገባበት ጋ በእጅ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ አለች፤ ከኋላ ሆናችሁ እያያችሁ ወደ ግራ ግማሽ ዙር አዙሯት፣ ሞክሩ፣ ካልበቃ ትንሽ ጨምሩ። ልጁም አጠገባችሁ ሆኖ ይይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይሠራዋል።