ብራዚል፦ «ከ5,000 በታች ግብር የለም» ከተባለ ከ6,000 ደሞዜ ለምን ይህን ያህል ተቆረጠ?

ጥያቄ (ናቲ ሳምፓ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሳኦ ፓውሎ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፣ በሕጋዊ ቅጥር። ያልተጣራው ደሞዜ 6,000 የብራዚል ሪያል ነው። ከጥር 2026 ጀምሮ እስከ 5,000 ድረስ የሥራ ግብር ቀርቷል ይባላል። ታዲያ የኔም 5,000ው ነጻ ሆኖ ከ1,000ው ላይ ብቻ መቆረጥ የለበትም ወይ? የደሞዝ ወረቀቴ ላይ የሥራ ግብሩ ብቻ 385 ሪያል ከ10 ሳንቲም ነው። አሠሪዬ እየበላኝ ይሆን? ሌላው፣ አገር ቤት ላለችው እናቴ ገንዘብ ስልክላት የሚቆረጠው በጣም ጨምሯል። ደረሰኝ ላይም «ሲቢኤስ» እና «አይቢኤስ» የሚል ነገር መጥቷል። የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ።

መልስ (ሂሳብ ክፍል)፦
ናቲ ወንድሜ፣ ማንም አልበላህም። ፕሬዚዳንት ሉላ ኅዳር 2025 የፈረሙት ሕግ የድሮውን የግብር ሠንጠረዥ አልነካውም። በላዩ ላይ ቅናሽ ነው የጨመረበት። 5,000 ለሚያገኝ ሰው ቅናሹ ግብሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ከዚያ በላይ እየቀነሰ ይሄድና 7,350 ላይ ያልቃል።

ያንተን ሕጉ ባስቀመጠው ቀመር እንሥራው። ደሞዝህን በ0.133145 አባዛው፣ 798.87 ይመጣል። ይህን ከ978.62 ቀንስ። 179.75 ቀረ አይደል? ቅናሽህ እሱ ነው። የጡረታ መዋጮህ ከወጣ በኋላ በሠንጠረዡ የሚደርስብህ ግብር 564.85 ነው። ቅናሹ ሲነሳለት 385.10። ወረቀትህ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። በ2026 የምታስገባው ዓመታዊ የገቢ መግለጫ የ2025ን ገቢ ስለሚመለከት የሚሠራው በድሮው ሕግ ነው። አዲሱ ቅናሽ መግለጫው ላይ የሚታየው በ2027 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል።

መልስ (ቢራቢሮ)፦
ፒክስ (በስልክ ወዲያው ገንዘብ የምናስተላልፍበት) ላይም ታክስ መጥቷል እየተባለ ነው እኮ! የቤት ኪራይ የምከፍለው በሱ ነው። ጥሬ ገንዘብ ብንይዝ አይሻልም?

መልስ (ሂሳብ ክፍል)፦
ኧረ ተይ እህቴ! ፒክስ ላይ ግብር የለም። ወሬው የተነሳው ጥር 2025 ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ በወር ከ5,000 በላይ የሚያንቀሳቅሱ ግለሰቦችን መረጃ የክፍያ ድርጅቶችም እንዲያሳውቁት የሚያዝ መመሪያ ሥራ ላይ አዋለ። አገር ታመሰ። መንግሥትም በዚያው ወር መመሪያውን ሻረው። ያኔም ቢሆን የተባለው መረጃ ስጡ እንጂ ግብር ክፈሉ አልነበረም። በጥሬ ገንዘብ ኪራይ ከፍለሽ ደረሰኝ ብታጪ የሚያስለቅስሽ እሱ ነው።

መልስ (የመርካቶ ልጅ)፦
ወደ ሐዋላው ልምጣ፣ እኔንም ያንገበገበኝ እሱ ነው። «አይኦኤፍ» የሚባል በገንዘብ ዝውውር ላይ የሚከፈል ታክስ አለ። ወደ ውጭ ለሌላ ሰው ስትልክ 0.38% ነበር። ግንቦት 2025 መንግሥት በአዋጅ 3.5% አደረገው። ሰኔ ላይ ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገው፣ እኛም ተገላገልን ብለን ነበር። ሐምሌ ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አሌሻንድሬ ዴ ሞራይስ አብዛኛውን መልሰው አጸኑት። 1,000 ሪያል ስትልክ ድሮ ለመንግሥት 3.80 ይሄድ ነበር፣ አሁን 35።

ታክሱ በመቶኛ ስለሆነ አጠራቅመህ ብትልክም ከሱ አታመልጥም። የላኪው ድርጅት ቋሚ ክፍያ ካለው ግን እሱን ታተርፋለህ። ስታወዳድር ደግሞ «ክፍያ የለንም» የሚለውን ማስታወቂያ እርሳው። እናትህ እጅ ስንት ብር ይገባል? እሱን ብቻ እይ። አንዳንዱ የተወውን ክፍያ በምንዛሬው ይመልሰዋል።

መልስ (ጋሽ ቶላ)፦
ልጆች፣ የደረሰኙ ጉዳይ ሰፊ ነው። ብራዚል በዕቃና በአገልግሎት ላይ አምስት ዓይነት ታክስ ነበራት፤ የፌዴራል፣ የክፍለ ሀገርና የከተማ። ድርጅቶች ስሌቱን ለመሥራት ብቻ ሰው ይቀጥራሉ። አሁን ሁሉም ወደ ቫት እየተጠቃለለ ነው። ሲቢኤስ የፌዴራሉ፣ አይቢኤስ የክፍለ ሀገርና የከተማው ድርሻ ነው። 2026 የሙከራ ዓመት ስለሆነ የሚታየው 0.9% እና 0.1% ብቻ ነው። መረጃውን በደንብ ያስገባ ድርጅት ይህንንም አይከፍልም። ስለዚህ ባለሱቁ በዚህ ሰበብ ዋጋ ከጨመረብህ ተከራከረው። ሲቢኤስ በትክክል የሚጀምረው በ2027 ነው፤ ሙሉው ሽግግር የሚያልቀው በ2033።

መሠረታዊ ምግቦች ዜሮ ይሆናሉ፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ሥጋ። ቡናም አለበት። ሕጉን ሐበሻ አርቅቆት ይሆን እንዴ ብያለሁ።

የደሞዝ ግብር ቅናሹን ማን ይሸፍነዋል ካላችሁ፣ በዓመት ከ600,000 ሪያል በላይ የሚያገኙት ናቸው። ከዚያ በታች የማይከፍሉት ዝቅተኛ የግብር መጠን ተጥሎባቸዋል፣ ከ1.2 ሚሊዮን ጀምሮ 10% ይሆናል። የትርፍ ድርሻም ከ1996 ጀምሮ ነጻ ነበር። አሁን ከአንድ ድርጅት በወር ከ50,000 በላይ ለሚወስድ ሰው 10% ይያዝበታል። እኔ በበኩሌ ዘግይቷል እላለሁ።

መልስ (ሰላም በብራስ)፦
ብራስ ገበያ ልብስ እሸጣለሁ፣ በ«ሜይ» (ለብቻቸው ለሚሠሩ ትንንሽ ነጋዴዎች በሚሰጠው ምዝገባ) የተመዘገብኩ ነኝ። ሲቢኤስ የሚባለውን እኔም ደረሰኝ ላይ መጻፍ አለብኝ?

መልስ (ሂሳብ ክፍል)፦
በ2026 አይመለከትሽም። ሜይም ሲምፕሌስም (የትንንሽ ድርጅቶች ቀላል የግብር ሥርዓት) ከሙከራው ውጭ ናችሁ። ወርሃዊ ክፍያሽን አታቋርጪ፣ ሽያጭሽም በዓመት ከ81,000 እንዳያልፍ።

ናቲ ሳምፓ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ገባኝ። ቅዳሜና እሁድ ሌላ ቦታ 2,000 የሚከፍል ሥራ አግኝቻለሁ። እሱስ ነጻ ነው?

መልስ (ሂሳብ ክፍል)፦
በየወሩ ነጻ ይመስላል፣ ሁለተኛው አሠሪ የሚያየው የራሱን 2,000 ብቻ ነዋ። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሁለቱ ይደመራሉ። 8,000 ደግሞ ከ7,350 በላይ ነው፣ ስለዚህ የአሁኑንም ቅናሽህን ሊያሳጣህ ይችላል። ከሁለተኛው ደሞዝ በየወሩ ትንሽ ለይተህ አስቀምጥ።