የ1978ቷ ወይስ የ2008ቷ? ልንኖርባት ለምንገዛት ባለ ሸራ ጀልባ ምክር ፈልገን ነበር

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተን ሁለት ዓመት ውስጧ እየኖርን ለመዞር ቆርጠናል። ብዙ ካየን በኋላ ሁለት ቀሩን፤ እዚህ ላይ ግን መወሰን አቃተን። አንደኛዋ በ1978 የተሠራች ባለ 35 ጫማ ናት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጠባብና ከባድ ናት። ኪሏ፣ ማለትም ከሥሯ ወደ ውኃው ወርዶ ሚዛኗን የሚጠብቀው ክብደት፣ እስከ መሪው ድረስ ይዘልቃል። ሌላዋ የ2008 ናት፤ 38 ጫማ፣ ኋላዋ ሰፊ፣ ኪሏ አጭርና በብሎን የታሰረ። የድሮዋ ዋጋ የሌላዋን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የእኔ ልብ ወደ ድሮዋ ነው። ባለቤቴ ግን ገና ስትገባ "እዚህ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት?" አለች። አልፎ አልፎ ቅዳሜና እሁድ ውድድር ብገባም ደስ ይለኛል። ሞክራችሁ ያያችሁ እስቲ ምከሩን።

ማዕበል፦
የ1974 ጀልባ ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ልዩነቱ የሚገባችሁ ባሕሩ ሲከፋ ነው። ከባድና ሆዷ ጥልቅ የሆነች ጀልባ ማዕበሉን ሰንጥቃ ታልፋለች፤ ቀላሏና ሆደ ጠፍጣፋዋ ግን ትዘላለች፣ ስትወርድ ውኃውን በጥፊ ትመታዋለች። በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ ማግኘት አለማግኘታችሁን የሚወስነው ይሄ ነው። መሪዋም ከኪሉ ጀርባ ስለሚከለል ተንሳፋፊ ግንድ ቢገጥማችሁ ቶሎ አይጎዳም።

ግን "የድሮ ፋይበርግላስ ወፍራም ነው፣ ምንም አይሆንም" የሚላችሁን አትመኑ። ሆዷ ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ የላይኛው ወለል ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ንጣፍ መሀል ባልሳ እንጨት የገባበት ነው። አንድ ውኃ የሚያስገባ ብሎን ላስተካክል ብዬ ስፈታው ከቀዳዳው ቡናማ ውኃ ወጣ። ጣቴን ስከት እንጨቱ እንደ ረጠበ ሰጋቱራ ሆኖ ተከተለኝ። ያንን ቆርጬ፣ አድርቄ፣ ሞልቼ እስክዘጋው አንድ ሙሉ ክረምት ወሰደብኝ።

ነፋስ ወዳድ፦
ስለ ውድድሩ እኔ ልንገርህ። የእንደዚህ ዓይነት ጀልባ የፍጥነት ጣሪያ የሚወሰነው ውኃውን በምትነካበት ርዝመት ነው፣ ከጫፍ ጫፍ ባላት አይደለም። ያንን ርዝመት በጫማ ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ1.34 ስታባዛ ጣሪያዋን በኖት፣ ማለትም በሰዓት በባሕር ማይል፣ ታገኛለህ። የዚያ ዘመን ባለ 35 ጫማ አፍንጫዋም ኋላዋም ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ የምትነካው 25 ጫማ ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 6.7 ኖት ማለት ነው (ስታዘነብል ትንሽ ይረዝምላታል)። የ2008ቷ 34 ጫማ ብትነካ 7.8 ኖት ይደርሳል። ሁለቱም በጣሪያቸው ቢሄዱ በ24 ሰዓት 26 የባሕር ማይል ይራራቃሉ። አጭር ኪል ደግሞ ቶሎ ያዞራል፣ ወደ ነፋሱም ይበልጥ ያስጠጋል።

የክለብ ውድድር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባዋ ፍጥነት ሰዓቱ ስለሚስተካከል በድሮዋም ታሸንፋለህ። ብቻውን ሳያቆም ዓለምን መጀመሪያ የዞረው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን በ1969 ሲጨርስ በ32 ጫማ የእንጨት ጀልባ 312 ቀን ፈጅቶበታል። ቻርሊ ዳሊን በ2025 በ60 ጫማ የውድድር ጀልባ 64 ቀን ፈጀበት። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው፤ ግን የዳሊን ዓይነቷ ውስጧ ባዶ የካርቦን ቅርፊት ናት፣ ለኑሮ አትሆንም።

ሰፊ ቤት፦
የባለቤትህን ነገር በቀላሉ አትየው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሸራ ዘርግታችሁ የምትሄዱባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ መልህቅ ጥላችሁ ነው የምትኖሩት። እኛ በ2006 ጀልባ ስድስት ዓመት ኖረናል። ብርሃን አላት፣ ቆመህ ትራመዳለህ፣ ከኋላ ደረጃው ቀጥ ብለህ ውኃ ውስጥ ትገባለህ። አንድ ያስቸገረን ነገር፣ ሰፊው ኋላዋ ጠፍጣፋ ስለሆነ ትንሿ ሞገድ ሥሩ እየገባች ሌሊቱን ሙሉ ጧ ጧ ትላለች፣ መኝታው ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩባት።

2008ም ቢሆን አዲስ አይባልም። ምሰሶውን የወጠሩትን ሽቦዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር የተለመደ ነው። ተቀይረው እንደሆነ ደረሰኝ ጠይቁ።

ባለ መዶሻው፦
ጀልባ መመርመር ሥራዬ ነው። ዓመቱን ለጊዜው ተዉት። የ2008ቷ መሬት ነክታ ታውቃለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በ2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል ባለ 40 ጫማ ጀልባ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ተገንጥሎ 4 መርከበኞች ሞተዋል። የእንግሊዝ መርማሪዎች ከዚያ በፊት መሬት መንካቷና የተደረገላት ጥገና ኪሉ የታሰረበትን ቦታ አዳክሞት ሊሆን ይችላል ብለዋል። በብዙዎቹ አዳዲስ ጀልባዎች ውስጠኛው ማጠናከሪያ ከሆዷ ጋር የተያያዘው በማጣበቂያ ነው። ወለሉን አንስታችሁ በኪሉ ብሎኖች ዙሪያ፣ በተለይ ከኋላ በኩል፣ ስንጥቅ ወይም የለቀቀ ማጣበቂያ ካለ እዩ።

በድሮዋ ላይ ደግሞ የምሰሶው ሽቦዎች የሚታሰሩባቸውን ብረቶች ቢያንስ አንዱን አስነቅላችሁ እዩ። የማይዝግ የሚባለው ብረት እርጥበት ኖሮ አየር በማያገኝበት ቦታ ይበላል፤ ላዩ እያብረቀረቀ የተቀበረው ክፍል ሊበጠስ ይደርሳል። የላይኛውን ወለልም በፕላስቲክ መዶሻ አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የረጠበው ይታፈናል። ዋጋውንም ሸራ፣ ሞተር፣ ሽቦና የኤሌክትሪክ መስመር ጨምራችሁ አስሉት፤ ያኔ ግማሽ ሆኖ አይቀርም።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ መዶሻ ይዘን ሄድን። የድሮዋ ወለል እስከ ምሰሶው ድረስ ኳ ኳ ይላል፤ ከምሰሶው በስተግራ ግን አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ላይ ድምፁ ታፈነብኝ። የ2008ቷ ባለቤት ከ4 ዓመት በፊት አሸዋ ላይ መቀመጧን ሳይደብቅ ነገረን፣ የጥገናውንም ወረቀት አሳየን። ሐሙስ ከውኃ አውጥተን እናያታለን፤ እኔም ወደሷ እያዘነበልኩ ነው።

ባለ መዶሻው፦
ከድንጋይ አሸዋ ይሻላል። ኪሉ ከሆዷ ጋር የሚገጥምበትን መስመር ማንሻው ላይ እንደተንጠለጠለች ፎቶ አንሳው። መሬት ካረፈች ክብደቷ ኪሉ ላይ ስለሚጫን ክፍተት ቢኖርም ይዘጋብሃል። እዚህ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።