ባርነትና ቅኝ ግዛት ወደ ዛሬው የሀብት ልዩነት የደረሱት በየትኛው መንገድ ነው?

ሚዛን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። «ባርነትም ቅኝ ግዛትም ካለፈ ቆየ፤ ድሃ አገር ድሃ የሆነው በራሱ ጥፋት ነው» የሚል ሰው ሲገጥመን አብዛኞቻችን የምንመልሰው የግፉን ብዛት በመቁጠር ነው። ከአፍሪካ ጠረፍ የተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል፣ አትላንቲክን በሕይወት የተሻገሩት 10.7 ሚሊዮን ያህል፣ ወዘተ። ሰውየው ግን ግፉን አልካደም። የጠየቀው የ1800ዎቹ ግፍ የዛሬን ሰው ኪስ የሚነካው እንዴት ነው ብሎ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ እንደገባ፣ በምን ወለድ፣ መሬቱስ በየትኛው ሕግ እንደተወሰደ በሰነድ የሚታይ ምሳሌ ያላችሁ አካፍሉን። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉት ለማመሳከር ይቀላል።

የድሮ መዝገብ

ከሄይቲ ጀምር፤ ደረሰኙ እንደሷ የተሟላ አገር አላውቅም።

ሳን ዶሚንግ ተብላ በፈረንሳይ ስትገዛ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ስኳርና ቡና ያመርቱባት ነበር። በ1791 አመፁ፣ ናፖሊዮን የላከውን ጦር አሸነፉ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነፃነታቸውን አወጁ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ሒሳቡ የሚጀምረው ግን ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ኤፕሪል 17 ቀን 1825 ንጉሥ ሻርል 10ኛ አንድ ድንጋጌ ፈረመ፤ ሄይቲ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ በአምስት ዓመት፣ በየዓመቱ 30 ሚሊዮን ትከፍላለች፤ የፈረንሳይ ንግድም ከሌላው ግማሽ ቀረጥ ብቻ ይከፍላል። ድንጋጌው ፖርቶፕረንስ የደረሰው በጦር መርከቦች ታጅቦ ስለነበር ፕሬዚዳንት ቦየር ተቀበለው። ካሳው የተሰላው በመሬትና በሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹም እንደ ጠፋ ንብረት ተቆጥረዋል። ነፃ የወጣ ሰው የራሱን ዋጋ ለቀድሞ ጌታው ይክፈል ማለት ነው። ዕዳ ከሜዳ ይሉሃል ይኼ ነው።

መጠኑን ለመገመት፦ ፈረንሳይ በ1803 ሉዊዚያናን ለአሜሪካ ስትሸጥ ጠቅላላ ዋጋው 80 ሚሊዮን ፍራንክ ነበር። የዚያ ግዛት ስፋት ከሄይቲ 70 እጥፍ ይበልጣል።

አሁን አከፋፈሉን ተመልከት። የመጀመሪያው 30 ሚሊዮን በግምጃ ቤት ስላልነበረ ከፓሪስ ባንኮች ተበደሩ። 30,000 ቦንድ ወጣ፣ በእያንዳንዱ ላይ 1,000 ፍራንክ ተጽፎበታል፣ ወለዱ 6 ከመቶ። የተሸጠው ግን በ800 ነው። እጅ የገባው 24 ሚሊዮን፣ ዕዳ ሆኖ የተመዘገበው 30 ሚሊዮን። ወለዱ የሚታሰበው በተጻፈው ላይ ስለሆነ በዓመት 1.8 ሚሊዮን ይሆናል፤ በእጅ ለገባው 24 ሚሊዮን ስታካፍለው 7.5 ከመቶ ይመጣል። የጎደለውን ለመሙላት ደግሞ ግምጃ ቤቱ ተጠረገ። ካሳው አንድ ዕዳ፣ ካሳውን ለመክፈል የተወሰደው ብድር ሌላ ዕዳ። «ድርብ ዕዳ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1838 ቀሪው ካሳ ወደ 60 ሚሊዮን ተቀንሶ በ30 ዓመት እንዲከፈል ተስማሙ። ብድሩ ግን በሌላ ብድር እየተተካ ሄዶ ሄዶ የመጨረሻው ርዝራዥ የተዘጋው በ1947 ነው። ይኼ ሁሉ በዋናነት የወጣው ከቡና ቀረጥ ነው፤ ቡናው ደግሞ ትንሽ ማሳ ካለው ገበሬ። ከገበሬው የተሰበሰበው ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ለመንገድና ለትምህርት ቤት የሚተርፍ አይኖርም። በ1880 የተቋቋመው «የሄይቲ ብሔራዊ ባንክ» ሳይቀር ስሙ ብቻ ነው የሄይቲ፤ ያቋቋመው የፓሪስ ባንክ ነው። በዲሴምበር 1914 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ከባንኩ አውጥተው ኒውዮርክ ወሰዱ፤ በዓመቱ አገሪቱን ራሷን ያዙ፣ እስከ 1934።

ሒሳብ ሹም

የእንግሊዙ መዝገብ ደግሞ ገንዘቡ የገባበትን ኪስ ያሳይሃል።

የ1833ቱ ሕግ ባርነትን ከኦገስት 1 ቀን 1834 ጀምሮ ሲሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ፤ በጊዜው ከመንግሥት ዓመታዊ ወጪ 40 ከመቶ ያህል ነው። ለማን? ለባለቤቶቹ። ነፃ ወጡ ለተባሉት 800,000 የሚሆኑ ሰዎች አንዲት ሳንቲም አልደረሰችም። ይባስ ብሎ «ተለማማጅ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ለዚያው ጌታ በሳምንት እስከ 45 ሰዓት በነፃ እንዲሠሩ ተደነገገ። ለእርሻ ሠራተኛ የተቆረጠው ስድስት ዓመት ነበር፤ በተቃውሞ ብዛት በ1838 ቀረ።

አከፋፈሉን በቅርብ ማየት ጥሩ ነው። የየቅኝ ግዛቱ ድርሻ የተሰላው በሰው ቁጥርና ከ1822 እስከ 1830 በነበረው አማካይ የመሸጫ ዋጋ ነው። ስለዚህ በብሪቲሽ ጊያና ለአንድ ሰው በአማካይ ከ50 ፓውንድ በላይ ሲከፈል በጃማይካ 20 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። የባሪያ ንግድ በ1807 ከታገደ በኋላ ጊያና ያልደከመ ለም መሬት ይዛ ጉልበት አጥሯት ስለነበር ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። የኋላው ጠቅላይ ሚኒስትር አባት ጆን ግላድስተን ለ2,508 ሰዎች 106,769 ፓውንድ ተቀብሏል። ከዚያስ? በ1838 ከህንድ የኮንትራት ሠራተኞች አስጭኖ ወደዚያው ወደ ጊያና አስመጣ። ካሳ ተቀባዩ ካፒታሉ ሳይነካ ወደ ቀጣዩ ሥራ ተሻገረ፤ ነፃ የወጣው ሰው በባዶ እጁ ጀመረ። ልዩነቱ የተሠራው በዚያች ቀን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «እንግሊዞች ይህን ዕዳ እስከ 2015 ሲከፍሉ ነበር» የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን በ1835 ከናታን ሮትሽልድና ከሞሰስ ሞንቲፊዮሬ ቡድን የተወሰደው 15 ሚሊዮን ለብቻው ተቀምጦ አልቆየም። ከሌሎች የመንግሥት ዕዳዎች ጋር ተቀላቅሎ በቦንድ ላይ ቦንድ ሲተካ ኖሮ በ2015 ጥቅሉ ተዘጋ። ይህን ካላስረዳህ ተከራካሪህ ቀዳዳዋን ያገኛታል።

አሜሪካም ቢሆን ያው ነው። በ1862 ዋሽንግተን ዲሲ ባርነት ሲሻር ለባለቤቱ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ተከፈለ። በጃንዋሪ 1865 ጄኔራል ሸርማን በደቡብ ጠረፍ ያለውን መሬት እስከ 40 ኤከር እየተቆረሰ ለነፃ ወጪዎች እንዲሰጥ አዘዘ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶች መለሰው። በ2022 በተደረገው የማዕከላዊ ባንኩ ጥናት የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት 285,000 ዶላር፣ የጥቁር ቤተሰብ 44,900 ዶላር ነው። ደመወዝ ብቻ ብታወዳድር ልዩነቱ እንዲህ አይሰፋም፤ ሀብት ይወረሳላ።

ሚዛን (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ግን አብዛኛው አፍሪካ እንደ ሄይቲ ካሳ ክፈል አልተባለም። እዚያ መንገዱ ምንድን ነበር?

ቀላድ

መሬትና ግብር፣ በዚህ ቅደም ተከተል።

ባለማዕድኑና ባለሰፋፊ እርሻው የቸገራቸው የአገሬው ሰው ስንፍና አልነበረም። ገበሬው የራሱ እርሻ ስለሚያዋጣው በርካሽ ደመወዝ አልቀጠርም አለ እንጂ። ስለዚህ እርሻው እንዳያዋጣ ማድረግ ነበረባቸው። በኬፕ ቅኝ ግዛት (የዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ ክፍል) በጠቅላይ ሚኒስትሩ በሴሲል ሮድስ ዘመን የወጣው የ1894ቱ የግሌን ግሬይ ሕግ ይህን ሳይደብቅ ጻፈው፦ በዓመት ውስጥ ለሦስት ወር ከወረዳው ውጭ ተቀጥሮ ያልሠራ ወንድ 10 ሽልንግ ይከፍላል። ግብሩ በጥሬ ገንዘብ ነው፣ በእህል አይሆንም፤ ጥሬ ገንዘቡ ደግሞ ያለው ነጩ ቀጣሪ ዘንድ ነው። ሴራሊዮን ውስጥ በ1898 የተነሳው ጦርነት ስሙ ራሱ «የጎጆ ግብር ጦርነት» ነው።

ግብር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ገበሬው ትርፍ አምርቶ ሸጦ ሊከፍል ይችላልና። ያን ቀዳዳ የሚደፍነው የመሬት ሕግ ነው። በደቡብ አፍሪካ የ1913ቱ ሕግ ለአብዛኛው ሕዝብ ከአገሪቱ መሬት 7 ከመቶ ያህሉን ብቻ ከለለ፤ በ1936 ወደ 13 ከመቶ ከፍ አለ። ከዚያ ውጭ መግዛትም መከራየትም ተከለከለ። በጠባብ መሬት ላይ ሕዝብ ሲታጨቅ አፈሩ ይታጠባል፣ ምርቱ ይወርዳል፣ ከዚያ «እርሻ አያውቁም» ይባላል። በደቡብ ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ደግሞ ከ1931 ጀምሮ የበቆሎ ገበያው በሕግ ተይዞ ያው በቆሎ ከጥቁር ገበሬ ሲገዛ ዋጋው ያንሳል። በዚህ ላይ ጥቁር ሠራተኛ ሲንቀሳቀስ እንዲይዘው የተገደደውን የይለፍ ወረቀት ስትጨምርበት ሠራተኛው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ቀጣሪ መቀየር አይችልም። ደመወዙ የተወሰነው በገበያ ሳይሆን በእነዚህ ሕጎች ነው። ደቡብ አፍሪካ ዛሬ በገቢ ልዩነት ከዓለም ጫፍ ላይ የምትቀመጠው በድንገት አይደለም።

«ባቡር ሠርተውልናል» ለሚል ደግሞ የሐዲዱን ካርታ ዘርጋለት። ከማዕድኑ ወደ ወደብ ነው የሚሄደው፤ ከከተማ ከተማ የሚያገናኘው ጥቂት ነው። የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ በኮንጎ ያደረሰው ግፍ የተጋለጠውም በሒሳብ መዝገብ ነበር፦ ለአንድ የሊቨርፑል የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ የነበረው ኤድመንድ ሞሬል በቤልጂጉ ወደብ በአንትወርፕ ጭነቱን ሲያመሳክር፣ መርከቦቹ ጎማና የዝሆን ጥርስ ሞልተው ይመጣሉ፣ ሲመለሱ የሚጭኑት በብዛት ጠመንጃና ጥይት ነው። ለጎማው የሚከፈል ሸቀጥ ከሌለ ጎማው የሚገኘው በግዳጅ ነው ብሎ ደመደመ።

ነጠላ ሰረዝ

ከላይ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ዛሬ ስትዘሉ ግን ሁለት ቦታ ላይ ትሰናከላላችሁ።

አንደኛው ወለድ ማባዛት ነው። በ2003 የሄይቲ ፕሬዚዳንት አሪስቲድ ከፈረንሳይ የጠየቁት 21,685,135,571 ዶላር ከ48 ሳንቲም ነበር። ሳንቲሟ ሳትቀር! በ1825 የወጣ አንድ ፍራንክ 200 ዓመት ሲወልድ በ2 ከመቶ 52፣ በ3 ከመቶ 369፣ በ6 ከመቶ 115,000 ይሆናል። ውጤቱን የሚወስነው ታሪኩ ሳይሆን የመረጥከው የወለድ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስትከራከር የተከፈለውን ጥሬ ገንዘብና በዓመቱ ከመንግሥት ገቢ ስንት እጁ እንደሆነ አቅርብ፤ የተባዛውን ተወው።

ሁለተኛው ንጽጽሩ ነው። «ቅኝ የተገዛው ድሃ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ቀድሞውንም የተለያዩ ቦታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው ጎን ለጎን ያሉ፣ ተመሳሳይ ሕዝብና ተመሳሳይ መሬት የነበራቸው ቦታዎች በአንድ መስመር ለሁለት ሲከፈሉ ነው። ለዚህ የፔሩን «ሚታ» የሚያህል የለም። ከ1573 እስከ 1812 ስፔን በተመረጡ ወረዳዎች ከአዋቂ ወንዶች አንድ ሰባተኛውን ወደ ፖቶሲ የብርና ወደ ዋንካቬሊካ የሜርኩሪ ማዕድን ትልክ ነበር። ሜሊሳ ዴል በ2010 ባወጣችው ጥናት ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉትን መንደሮች ስታወዳድር፣ በሚታው ክልል ያለ ቤተሰብ ፍጆታ ዛሬም በ25 ከመቶ ገደማ ያንሳል፤ የቀነጨሩ ልጆችም ይበዛሉ። ምክንያቱ ያልተጠበቀ ነው። ንጉሡ የማዕድን ጉልበቱን የሚሻማ ስላልፈለገ በሚታው ክልል ባለሰፋፊ ርስቶች እንዳይገቡ ከለከለ። ከመስመሩ ውጭ ርስተኞቹ ገቡ፤ ጨቋኞች ነበሩ፣ ግን ምርታቸውን ለመሸጥ መንግሥትን እየወተወቱ መንገድ አስገቡ። የሚታው ገበሬ ግን ዛሬም መንገዱ ስለማይደርሰው ከሚያመርተው አብዛኛውን ለራሱ ይበላል፤ ለገበያ የሚያወጣው ጥቂት ነው።

ሚዛን (ጠያቂ)

ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1960 አካባቢ የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ተቀራራቢ ነበር ይባላል። ታዲያ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ከሆነ የ1825ቱን ዕዳ ምን እንበለው?

የድሮ መዝገብ

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አትሽሸው። ከ1957 እስከ 1986 ሄይቲን በአምባገነንነት የገዙት የዱቫልዬ አባትና ልጅ ያደረሱትን ዝርፊያ ዕዳው አይሸፍነውም፤ ሁለቱንም ጻፍ። ዕዳው የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው፦ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የመንግሥት ገቢ ማለት የጉምሩክ ቀረጥ፣ የመንግሥት ዋና ሥራ ማለት ደግሞ ያንን ለአበዳሪ ማስተላለፍ ሆኖ ቆየ። ከገበሬው የሚወስድ እንጂ ለገበሬው የሚሠራ መሥሪያ ቤት አልተገነባም። ዱቫልዬ የያዘው ያንን ባዶ ቤት ነው። ወደ ክርክሩ ስትሄድ በ1838 እና በ1947 መካከል ያለውን ብድር በየውሉ ለይተህ ያዝ፤ ሰው ሁሉ የሚያምታታው እዚያ ላይ ነው።