በቤት ውስጥ በጄል ቀለም ንብ መሣል፦ ጥቁሩ መስመር ለምን ይንሰራፋል?

የአደይ መስክ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለእንቁጣጣሽ በእኔና በታናሽ እህቴ ጥፍሮች ላይ ትንንሽ ንቦችን በጄል ቀለም ለመሣል አስቤ ከአሁኑ እየተለማመድኩ እገኛለሁ። ያሰብኩት ንድፍ ብዙም የተወሳሰበ አይደለም፤ የሁሉም ጥፍሮች መደብ ነጭ ሆኖ፣ በቀለበት ጣት ላይ አንዲት ወፈር ያለች ንብ፣ በአውራ ጣት ላይ አንድ የአደይ አበባ፣ በቀሩት ላይ ደግሞ ንቧ የበረረችበትን መንገድ የሚያሳዩ ጥቂት ጥቋቁር ነጠብጣቦች እንዲኖሩ ነው። በእጄ ያለው ዕቃ 48 ዋት የሚል የተጻፈበት ላምፕ፣ ቤዝ (ከሥር የሚቀባው ጄል)፣ ቶፕ (በመጨረሻ ከላይ የሚቀባው)፣ ነጭ፣ ቢጫና ጥቁር ጄል፣ እንዲሁም አንድ ቀጭን ብሩሽ ነው።

የተቸገርኩት በጥቁሩ ነው። ቢጫውን የንቧን አካል ሥዬ በላዩ ላይ ጥቁሮቹን መስመሮች ሳሰምር፣ መስመሮቹ ገና ላምፑ ውስጥ ሳይገቡ ወደ ቢጫው ይንሰራፋሉ፤ ከላምፑ ሲወጡም ገጻቸው ተጨማድዶ ይገኛል፤ ቶፑን ስቀባ ደግሞ ጥቁሩ ከብሩሹ ጋር እየተጎተተ ነጩን መደብ ያጠቁረዋል። ክንፎቹንም በነጭ ስሠራቸው ከመደቡ ጋር ስለሚመሳሰሉ ፈጽሞ አይለዩም። ችግሩ ከቀለሙ ነው፣ ከላምፑ ነው ወይስ ከአሠራሩ? እግረ መንገዴንም፣ ቀኝ እጄን በግራ እጄ መሣል ለሚያቅተኝ ሰው የሚሆን ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጥፍር ሠሪዋ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እህቴ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የምተዳደረውም በዚሁ ሙያ ነው። ከጠቀሷቸው ምልክቶች ተነሥቼ ስፈርድ፣ ዋናው ችግር የጥቁሩ ውፍረት ይመስለኛል። ጄል እንደ ተራው የጥፍር ቀለም በአየር አይደርቅም፤ በውስጡ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገሮች የላምፑን ብርሃን ሲያገኙ ፈሳሹ እርስ በርሱ ተሳስሮ ይጠነክራል። ጥቁር ቀለም ግን ብርሃኑን ራሱ ስለሚውጠው፣ ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ላይ ላዩ ብቻ ጠንክሮ ሥሩ እንደ ረጠበ ይቀራል። መጨማደዱም ሆነ በቶፑ ብሩሽ መጎተቱ የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንዲህ ያለውን ጥቁር መልሶ መላልሶ ላምፕ ውስጥ ማስገባት እምብዛም አይጠቅምም። ይልቅስ መስመሩን ከሥሩ ያለው ቢጫ በጥቂቱ እስኪታይ ድረስ አሳስተው ያስምሩትና ያጠንክሩት፤ ከዚያ በላዩ ሁለተኛ ስስ መስመር ደርበው እንደገና ያጠንክሩት።

የመንሰራፋቱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከላምፕ የወጣ ጄል በገጹ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይቀርበታል፤ ይህም በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የላይኛውን ገጽ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠነክር ስለሚከለክለው ነው። ሽፋኑ ቀጣዩን ቀለም አጥብቆ ለመያዝ ቢጠቅምም፣ ቀጭን መስመር ሲሰመርበት መስመሩን ወደ ጎን ይስበዋል። ስለሆነም ቢጫውን ካጠነከሩ በኋላ ገጹን ክር በማይተው ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉት፤ አለበለዚያም፣ እኔ እንደማዘወትረው፣ መደቡን በማያብረቀርቅ ቶፕ ይሸፍኑና ሥዕሉን በእርሱ ላይ ይሥሩት፤ ገጹ በጥቂቱ ሻካራ ስለሆነ መስመሩን ባለበት ያቆመዋል። ሥዕሉ ሲያልቅ የሚያብረቀርቀውን ቶፕ በላዩ መደረብ ይቻላል።

አሁን ወደ ንቧ ልምጣ። አንዲት ጠብታ ቢጫ በፎይል ቁራጭ ላይ ያኑሩ፤ ነጥብ መጣያ ከሌለዎት ራሱ ድቡልቡል የሆነ እስፒል ይበቃል። በእርሱ ሁለት ነጥቦችን አጠጋግተው ጥለው፣ ገና ሳይጠነክሩ በብሩሹ ጫፍ ወደ እንቁላል ቅርጽ ያዋህዷቸው፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላምፑ አስይዘው ከላይ እንዳልኩት ይጥረጉት። ጥቁሩን ሲወስዱ ብሩሹን ጠርሙሱ ውስጥ መንከር አያስፈልግም፤ በፎይሉ ላይ ካለው ጠብታ ዳር የብሩሹን ጫፍ ብቻ እያሽከረከሩ፣ ፀጉሩ ወደ አንድ ሹል ጫፍ እስኪሰበሰብ ድረስ ይንኩት። ከዚያ የሚሠራውን እጅ ትንሽ ጣት ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በአንድ ትንፋሽ ያስምሩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ አካሉ ክብነት በትንሹ የጎበጠ ይሁን፤ ንቧን ወፍራምና የምታሳሳ የሚያደርጋት ይህ ጉብጠት እንጂ የመስመሩ ብዛት አይደለም። በእኔ ግምት ለቀለበት ጣት ሁለት መስመር ይበቃል፤ ሦስት ካደረጉ ግን ቢጫው ይታፈናል። መስመሩ ከተበላሸም አይጨነቁ፤ ቢጫው ስለ ጠነከረ፣ ያልጠነከረውን ጥቁር አልኮል በነካ ንጹሕ ብሩሽ ጠርገው እንደገና መጀመር ይችላሉ።

የሚሠሩበትን ቦታም ይምረጡ። ብዙ ሰው ብርሃን ይሻላል ብሎ መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን ራሱ ጄል ስለሚያጠነክር፣ በፎይሉ ላይ ያለው ጠብታ እየጓጎለ፣ የብሩሹም ፀጉር እየደረቀ ይሄዳል። ከመስኮት ራቅ ብለው በተራ አምፖል ይሥሩ፤ ብሩሹንም ክፍት ላምፕ አጠገብ አያስቀምጡት።

ስለ ላምፑ፣ 48 ዋት የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው ጉዳይ ላምፑ የሚያወጣው ብርሃን ጄሉ ከሚፈልገው ጋር መጣጣሙ ነው። አብዛኞቹ የኤል ኢ ዲ ላምፖች በ365 እና በ405 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሚሰጡ፣ ጄልዎ ለዚህ ብርሃን የሚሆን መሆኑን ይመልከቱ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም ጊዜ ያክብሩ። አውራ ጣትንም ከአራቱ ለይተው ብቻውን ያስገቡት፤ ከሌሎቹ ጋር ሲገባ በጎኑ ስለሚተኛ ብርሃኑ በእኩል አይደርሰውም።

ስለ ክንፎቹ ግን ከእርስዎ ጋር አልስማማም፤ ጥፋቱ የክንፎቹ ሳይሆን የመደቡ ነው። በነጭ ላይ ነጭ ክንፍ መቼም አይታይም፤ ቢጫውም ቢሆን በነጭ ላይ ይደበዝዛል። መደቡን ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ወይም ወደ ቆዳ ቀለም ይለውጡትና፣ ነጩን ጄል ከቤዝ ጋር በፎይል ላይ ቀላቅለው አሳስተው ክንፎቹን ይሥሩ፤ ያኔ ከሥራቸው ያለው ቀለም እያሳለፈ እንደ እውነተኛ ክንፍ ይታያሉ። ነጩን የግድ ካልተዉት ደግሞ፣ የክንፎቹን ዳር በግራጫ በጣም በቀጭኑ ይክበቡት።

የቀኝ እጅዎ መፍትሔ በጥፍሩ ላይ አለመሣል ነው። በሲሊኮን ምንጣፍ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ስስ ቶፕ ቀብተው ያጠንክሩ፤ ንቧን በእርሱ ላይ በተመቸዎት አቅጣጫ ይሣሉና ያጠንክሩ፤ በላዩም ሌላ ስስ ቶፕ ይድገሙ። ከዚያ በወረንጦ ቀስ ብለው ሲልጡት እንደ ተለጣፊ ሥዕል ይነሣል። ዳሩን በትንሽ መቀስ ቆርጠው፣ ጥፍሩ ላይ ስስ ቤዝ ቀብተው ያስቀምጡት፤ ጠርዞቹን በስቲኪኒ ተጭነው አጠንክረው በቶፕ ይሸፍኑት። ሁለቱም እጆች ተመሳሳይ ንብ ይኖራቸዋል፤ በዕረፍት ቀንዎ ብዙ ንቦችን ሠርተው ማስቀመጥም ይችላሉ።

ቀፎ ጠባቂ

ንብ በማርባት ከሚተዳደር ቤተሰብ የተገኘሁ እንደ መሆኔ፣ ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙዎች ክንፉን የሚተክሉት መስመሮቹ ባሉበት የኋላ አካል ላይ ነው፤ በእውነተኛዋ ንብ ግን ክንፎቹ የሚነሡት ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ካለው ጸጉራም ደረት ነው። ክንፎቿም በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ሲሆኑ፣ የፊተኛው ከኋለኛው ይበልጣል። በጥፍር ላይ ይህን ሁሉ ዘርዝሮ መሣል አያስፈልግም፤ ነገር ግን ክንፎቹን ከወገቧ ወደ ትከሻዋ ጠጋ ካደረጓቸው፣ ትልቁን ከፊት ትንሹን ከኋላ ካስቀመጧቸው፣ ንቧ የምትበር እንጂ የተለጠፈች አትመስልም። ከአደይ አበባ ጋር ማጣመርዎ ደግሞ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ መስከረም ላይ መስኩን የምትሸፍነው አደይ ለንቦቻችን ዋና ቀሰም ናት፤ ከክረምት ወጥተን የምንቆርጠው ማርም በአብዛኛው የእርሷ ነው። የንቧን ሆድና የአበባዋን ቅጠሎች በአንድ ዓይነት ቢጫ ቢሠሯቸው መልካም ይመስለኛል።

ከፍራንክፈርት

ስለ ሥዕሉ የተሰጠው ምክር በቂ ነው፤ እኔ የማነሣው የጤናውን ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጄል በቆዳው ላይ ሲፈስ ብዙ ጊዜ ቸል ይለዋል። ያልጠነከረ ጄል ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል፤ በዋናነት የሚጠቀሰውም ኤች ኢ ኤም ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህ አለርጂ አንዴ ከተነሣ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ የሚቆይ ከመሆኑም በላይ፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ንጥረ ነገሮች በጥርስ ሙሌትና በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲሚንቶ ውስጥም ስለሚገኙ፣ ጣጣው ከጥፍር አልፎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኤች ኢ ኤም ኤ ያለባቸው የጥፍር ውጤቶች ለባለሙያ ብቻ የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲይዙ ተደርጓል። ቲ ፒ ኦ የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች ከመዋቢያ ምርቶች ታግዷል፤ ለእገዳው መነሻ የሆነው በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የመራባት ችሎታን የሚጎዳ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ የሚገዙት ጠርሙስ ላይ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ተጽፎ ከሌለ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እንዲተዉት እመክራለሁ። በጥፍሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ላይ ጄል ከነካ፣ ላምፕ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት አልኮል በነካ ስቲኪኒ ይጥረጉት። የሚያጣብቀውን ሽፋን የጠረጉበትን ጨርቅም በባዶ እጅ አይጨብጡት፤ ጓንት ያድርጉ። ለላምፑ ብርሃን ደግሞ፣ ከ20 ደቂቃ በፊት በእጅዎ ጀርባ ላይ ኤስ ፒ ኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀቡ፤ ወይም ጣቶቹ ጫፍ ላይ የተቆረጠ ጓንት ይልበሱ።

የአደይ መስክ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥቁሩን አሳስቼ፣ ገጹንም በአልኮል ጠርጌ በፕላስቲክ ጥፍር ላይ ስሞክረው መስመሩ ባሰመርኩበት ቆመ፤ መደቡንም ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ለመለወጥ ወስኛለሁ። ሁለት ነገሮች ግን ይቀሩኛል። አንደኛው፣ መብራት በመሐል ቢጠፋ ላምፕ ውስጥ ያለውን ጥፍር ምን ላድርገው? ሁለተኛው፣ እህቴ ገና የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ ከፍራንክፈርት የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ በእርሷ ጥፍር ላይ ጄል መጠቀም ከብዶኛል። ንድፉ በዓሉ እንዳለፈ ጥፍሩ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሣም ብትነግሩኝ።

ጥፍር ሠሪዋ

መብራት ሲጠፋ እጅዎን ከምንም ነገር ሳያነካኩ ይቆዩ፤ ሲመለስ የተጻፈውን ሙሉ ጊዜ እንደ አዲስ ይስጡት፤ ቀድሞ ያገኘውን ብርሃን ማስላት አያስፈልግም። መብራቱ ቶሎ የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ያልጠነከረውን በአልኮል ጠርገው በሌላ ቀን ይሥሩት። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ፣ ባትሪ ያለውና በዩ ኤስ ቢ የሚሞላ ላምፕ መግዛቱ ያዋጣል።

ለማንሣት፣ በመጀመሪያ የቶፑን አንጸባራቂ ገጽ በሞረድ እስኪፈዝ ድረስ ብቻ ይሞርዱት። ከዚያ በአሴቶን የራሰ የጥጥ ቁራጭ ጥፍሩ ላይ አድርገው በፎይል ጠቅልለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት፤ በዙሪያው ያለውን ቆዳ አስቀድመው ቫዝሊን ይቀቡት። ጄሉ ሲላቀቅ በእንጨት ጫፍ ገፋ ያድርጉት፤ የማይገፋ ከሆነ መልሰው ይጠቅልሉት እንጂ በጥፍር አይላጡት፤ ሲላጥ የጥፍሩን የላይኛውን ንጣፍ ይዞ ይነሣልና።

በእህትዎ ጉዳይ የወሰኑት ትክክል ነው፤ ለልጅ ጥፍር ጄል አልመክርም። ያው ንብ በተራ የጥፍር ቀለምም ትሠራለች፤ ትዕግሥት ብቻ ትጠይቃለች። መደቡ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ቢጫውን በስቲኪኒ ጫፍ ይጣሉ፤ ጥቁሩን ለመደረብም ቢጫው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ የመጨረሻውን ቶፕ ከመቀባትዎ በፊት ሥዕሉን ረዘም ላለ ጊዜ ይተዉት፤ ገና እርጥብ ከሆነ ብሩሹ ያደባልቀዋል። ቶፑንም ብሩሹን ሳይጫኑ፣ በጠብታው ላይ እንደ ተንሳፈፈ አድርገው በአንድ ጊዜ ይጎትቱት። እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ ሌሊቱን ሙሉ እጃቸውን ጠቅልለው ያድሩ እንደ ነበር ቢነግሯት፣ እህትዎም ግማሽ ሰዓት መቀመጡ የሚከብዳት አይመስለኝም።