ጥቆማ፦ የቤት ዋይፋይ እንዳይሰረቅ ምን ይገዛ?

ሰሞኑን ሦስት ሰው በውስጥ መስመር ይህንኑ ጠየቀኝ። "ዋይፋዬን ሰው እየተጠቀመበት ነው፣ ምን ራውተር ልግዛ?" እኔም ላይ ደርሷል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ (የእኔ 192.168.1.1 ነው) ስልኬ ላይ ከፍቼ የተገናኙትን ስቆጥር 11 ሆኑ። እኛ ቤት ያለው 4 ብቻ ነው! መስመሩን የዘረጋልን ልጅ ለካ ፓስዎርዱን የራሴን ስልክ ቁጥር አድርጎት ሄዷል። ብሎኩ ሁሉ የሚያውቀውን ቁጥር።

ስለዚህ መጀመሪያ አትግዙ። የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ካላችሁ፣ አብሮ የመጣው ሳጥን በደንብ ከተስተካከለ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። የዋይፋዩን መቆለፊያ ዘዴ ደብሊውፒኤ2 (WPA2) ላይ አድርጉት። የዋይፋዩን ፓስዎርድ አስረዝሙት። ወደ ራውተሩ ማስተካከያ የሚያስገባውንም ቀይሩ፤ ብዙ ሰው ይህኛውን "አድሚን" እንዳለ ይተወዋል።

ከዚያ ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚለውን፣ ማለትም የዋይፋዩን ፓስዎርድ ሳይጽፉ በፒን መገናኛውን፣ አጥፉ። ይህን አደራ። ባለ 8 አሃዝ ፒን አለው፣ ራውተሩ ግን ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያጣራው። የመጨረሻው አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ የሚሰላ ነው። ስለዚህ ሰርጎ ገቡ የሚሞክረው ቢበዛ 11,000 ቁጥር ነው። የሙከራ ገደብ በሌለው ራውተር ላይ ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። ፓስዎርዳችሁ የቱንም ያህል ቢረዝም በዚህ በኩል ይገባል።

የግድ መግዛት ካለባችሁ፣ መርካቶም መገናኛም ቲፒሊንክና ቴንዳ ታገኛላችሁ። ቴንዳ ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀላል። እኔ ግን ቲፒሊንክ እላለሁ። ቴዘር የሚባለው አፑ ማን እንደተገናኘ ያሳያል፣ የማታውቁትንም እዚያው ማገድ ትችላላችሁ። አቅም ካለ የዚሁ የቲፒሊንክ አርቸር ኤኤክስ23 አዲሱ መቆለፊያ ደብሊውፒኤ3 አለው። የምትገዙት ያገለገለ ከሆነ የድሮው ባለቤት ማስተካከያ እንዲጠፋ ቤት እንደገባ ሪሴት አድርጉት።

በሲም የሚሠራ ራውተር፣ የኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን የሳፋሪኮም፣ ጥቅሉ የጊጋ ገደብ ካለው ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ። እዚያ የሚሰረቀው ፍጥነት ሳይሆን ብራችሁ ነው። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ብዙም አይረባም፣ በቀላሉ ይገኛል።

*ከሥር "እንግዳ ፓስዎርድ ሲጠይቀኝ ልከልክለው?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ እህቴ፦* እንግዳን መከልከልማ ነውር ነው። ራውተሩ ላይ "ጌስት ኔትዎርክ" የሚለውን፣ ለእንግዳ ብቻ የሚሆነውን ዋይፋይ፣ ክፈቺና ሌላ ፓስዎርድ ስጪው። አንዳንዱ ስልክ ላይ ፓስዎርድ ለሌላ የሚያጋራ አፕ ተጭኗል፤ እንግዳው ራሱ ሳያውቀው የቤትሽን ያወጣዋል። እኔ የእንግዳውን ፋሲካም ሆነ መስቀል ባለፈ ማግስት እቀይረዋለሁ። የቤቱን ግን ከእኔና ከባለቤቴ በቀር የሚያውቀው የለም።